ከምጣድ ማሰሻ እስከ አውሮፕላን ሞተር

የነገው አውሮፕላን፣ መርከብና ጄኔሬተር በምን ይሠራል? ጥያቄው ከቲኬት ዋጋ ተነስቶ እስከ ወጥ ቤታችን ይደርሳል።

ባለፈው ክረምት እህቴን ከዋሽንግተን ለመቀበል ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ቦሌ ሄድን። በረራው ስለዘገየ የስድስት ዓመቱ ልጄ አንጋጦ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች ሲቆጥር ቆየና ወደ እኔ ዞሮ፣ «እማዬ፣ አውሮፕላኑ ቻርጅ የሚደረገው የት ነው?» አለኝ። አባቱና አያቱ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ለእሱ ግን ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። እኛም ቤት መኪናው ማታ ማታ እንደ ስልክ ይሰካል። ልጄ የማደያ ሰልፍ አያውቅም። «አውሮፕላንማ በነዳጅ ነው የሚበረው» ስለው «ለምን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። የተማርኩት ገበያ ማጥናት እንጂ ሞተር መፍታት አይደለም። ይሁን እንጂ «አረንጓዴ» እና «ከካርቦን ነፃ» የሚሉ ቃላት ማስታወቂያ ላይ ሲወጡ ምን ያህል እንደሚሸጡ አውቃለሁ። የብዙዎቻችን ቤተሰብ ደግሞ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ ባሕር ማዶ ነው። ለሠርግም ለለቅሶም የሚያገናኘን አውሮፕላን ነው። ነዳጁ ሲቀየር ዋጋውም፣ ማስታወቂያውም አብሮ መቀየሩ አይቀርም። ስለዚህ የልጄን «ለምን?» ይዤ ለወራት ሳነብ ከረምኩ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍል።

ባትሪው ለምን አይበቃም?

ነገሩ የክብደት ጉዳይ ነው። አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይይዛል። በኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ያለው ጥሩ የሚባል ባትሪ ግን በአንድ ኪሎ የሚይዘው ሩብ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ልዩነቱ ወደ 50 እጥፍ ይጠጋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበውን 787 ድሪምላይነርን እንውሰድ። ታንኩ ሲሞላ 100 ቶን ገደማ ነዳጅ ይይዛል። ያንኑ ኃይል በባትሪ እንያዝ ብንል 5,000 ቶን ባትሪ ያስፈልገናል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከጄት ሞተር ያነሰ ኃይል ስለሚያባክን ቁጥሩን በግማሽ እንቀንሰው፤ አሁንም 2,500 ቶን ነው። አውሮፕላኑ ግን ሰውና ጓዝ ጭኖ እንዲነሳ የሚፈቀድለት ትልቁ ክብደት 250 ቶን አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ነዳጅ በተቃጠለ ቁጥር አውሮፕላኑን እያቀለለው ይሄዳል። ባትሪ ግን ባዶም ሆኖ ክብደቱ ያው ነው።

ይህ ማለት በባትሪ የሚበር ነገር የለም ማለት አይደለም። ሁለት ሰው የምትይዝ በባትሪ ብቻ የምትበር የማሠልጠኛ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2020 በአውሮፓ ፈቃድ አግኝታለች። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን መድረስ ግን ሌላ ነገር ነው። መርከቦችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው፤ ለሳምንታት ውቅያኖስ ላይ ሲጓዙ መሰኪያ አያገኙም።

ዓለም ከምታመነጨው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ብክለት አቪዬሽን 2.5 በመቶ ያህሉን፣ መርከቦች ደግሞ 3 በመቶ ገደማውን ይይዛሉ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ሌላው ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ግን እነዚህ ናቸው። የሞተር ሠሪዎች ትኩረትም ከባትሪ ይልቅ ወደ አዲስ ነዳጅ የዞረው ለዚህ ነው።

ጎመን ዘር ውቅያኖስ ሲሻገር

ሳነብ በጣም ያስገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። እናቴ እንጀራ ስትጋግር ምጣዱን የምታስሰው በተወቀጠ ጎመን ዘር ነው። የብዙዎቻችሁ እናቶችም እንዲሁ። ይህ ጎመን ዘር በሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ይባላል፤ ፈረንጆቹ «የኢትዮጵያ ሰናፍጭ» ይሉታል። ቅጠሉ የምንበላው የሐበሻ ጎመን ነው። መገኛውም የእኛው ደጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ፋልከን 20 የተባለ ጄት ከዚሁ ጎመን ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ፣ ምንም የተለመደ ነዳጅ ሳይቀላቀልበት፣ ኦታዋ ላይ አበረረ። በጃንዋሪ 2018 ደግሞ የአውስትራሊያው ኳንታስ ከሎስ አንጀለስ እስከ ሜልበርን ለ15 ሰዓት ያህል ሲበር ከነዳጁ 10 በመቶው ከጎመን ዘር የተገኘ ነበር። የምጣድ ማሰሻችን ሰላማዊ ውቅያኖስን ተሻገረ ማለት ነው።

እንዴት? የአውሮፕላን ነዳጅ እናቶቻችን በፋኖስና በምድጃ የሚያውቁት የነጭ ጋዝ የቅርብ ዘመድ ነው። የእህል ዘይት ደግሞ በውስጡ ኦክስጅን አለው፤ ሞለኪውሉም ረጅም ነው። ፋብሪካው ዘይቱን ከሃይድሮጂን ጋር እያገናኘ ኦክስጅኑን ያወጣለታል፣ ሰንሰለቱንም ይቆራርጠዋል። የሚወጣው ፈሳሽ ከነጭ ጋዝ ቤተሰብ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ሞተሩም፣ ታንኩም፣ የማደያው ቧንቧም መቀየር አያስፈልገውም። አሁን ባለው ደንብ ከተለመደው ነዳጅ ጋር እስከ ግማሽ በግማሽ ድረስ ማደባለቅ ይፈቀዳል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ደግሞ ቨርጂን አትላንቲክ አንድ 787 አውሮፕላን ሙሉ በሙሉ በእንዲህ ዓይነት ነዳጅ ከለንደን ኒውዮርክ አብርሯል። የዚያ ነዳጅ ዋና መነሻ የተረፈ ስብና ዘይት ነበር።

ታዲያ ይህም ሲቃጠል ጭስ አያወጣም እንዴ? ያወጣል፤ ከሞተሩ ጀርባ የሚወጣው ካርቦን ያው ነው። ልዩነቱ ካርቦኑ ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው። ድፍድፍ ዘይት ለሚሊዮን ዓመታት ከመሬት በታች ተቀብሮ የኖረን ካርቦን አውጥቶ ይጨምራል። ተክል ግን የሚመልሰው በዚያው ዓመት ከአየር የወሰደውን ነው። ከእርሻው እስከ ሞተሩ ያለው ሁሉ ተደምሮ ሲሰላ ጥሩው ዓይነት ብክለቱን እስከ 80 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

ችግሩ መጠኑ ነው። የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2024 የተመረተው አንድ ሚሊዮን ቶን ነው፤ ዓለም ካመረተችው የአውሮፕላን ነዳጅ 0.3 በመቶ ብቻ። ዋጋውም ከተለመደው ከ2 እስከ 5 እጥፍ ይደርሳል። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ምግብ ቤቶች ጠብሰውበት ከተረፈ ዘይትና ከእንስሳት ሞራ ነው። በዓለም ያለ ምግብ ቤት ሁሉ የጠበሰበትን ቢያስረክብ እንኳ የዓለምን አውሮፕላኖች አያጠግብም።

ሃይድሮጂን፦ ቀላል፣ ኃይለኛ፣ አስቸጋሪ

ሁለተኛው ተስፋ ሃይድሮጂን ነው። ሲቃጠል ካርቦን የለውም፤ በዋናነት የሚወጣው የውኃ እንፋሎት ነው። ሙቀቱ በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ስለሚነካ ግን ከብክለት ፈጽሞ ነፃ ነው ማለት አይቻልም። በክብደት ሲለካ ሃይድሮጂን ከአውሮፕላን ነዳጅ ወደ 3 እጥፍ የሚጠጋ ኃይል አለው።

ሐሳቡም አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሃንስ ፎን ኦሃይን እ.ኤ.አ. በ1937 የመጀመሪያውን የጄት ሞተር ሙከራውን ያስነሳው በሃይድሮጂን ነበር። የሚገርመው በዚያው ዓመት በሃይድሮጂን የተሞላው ሂንደንበርግ የተባለው የአየር መርከብ አሜሪካ ውስጥ ነድዶ 36 ሰዎች ሞቱ። የሃይድሮጂን ተስፋውም ስጋቱም እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል። በ1988 ሶቪየቶች አንድ ሞተሩ በፈሳሽ ሃይድሮጂን የሚሠራ ቱፖሌቭ 155 አበረሩ። በኖቬምበር 2022 ደግሞ ሮልስ ሮይስና ኢዚጄት በእንግሊዝ አገር አንድ የአውሮፕላን ሞተር መሬት ላይ አቁመው በሃይድሮጂን አስነሱ። ሃይድሮጂኑ የመጣው ከስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ነው፤ በነፋስና በባሕር ማዕበል ኤሌክትሪክ የተመረተ።

ስለዚህ ሞተሩ ይነሳል። የሚያስቸግረው ታንኩ ነው። ሃይድሮጂን ፈሳሽ ሆኖ እንዲቀመጥ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። የአውሮፕላኑ ታንክ ትልቅ ፔርሙዝ መሆን አለበት ማለት ነው። ያም ሆኖ ለተመሳሳይ ኃይል 4 እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ዛሬ ነዳጅ የሚቀመጠው ክንፍ ውስጥ ነው፤ ፔርሙዝ ደግሞ ክንፍ ውስጥ አይገባም። አውሮፕላኑ እንደ አዲስ መነደፍ አለበት። ኤርባስ እ.ኤ.አ. በ2020 «በ2035 የሃይድሮጂን መንገደኛ አውሮፕላን እናቀርባለን» ብሎ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ግን ቀኑን አራዝሟል።

ሌላው ደግሞ አሠራሩ ነው። ሃይድሮጂን ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ነዳጅ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቀን አይደለም። ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኛው የሚመረተው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው፤ ያ ደግሞ ብክለቱን ከሞተሩ ወደ ፋብሪካው ማዛወር ብቻ ነው። ንጹሑ መንገድ ውኃን በኤሌክትሪክ መከፋፈል ነው። ለአንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይጠይቃል። ይህ የኤሌክትሪክ ምጣዳችሁን ከ14 ሰዓት በላይ ሳያጠፉ እንደ መጋገር ነው። ከዚያ ኃይል ሲሶ ያህሉ ገና ሞተር ሳይነካ በመንገድ ይቀራል።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድም አለ፦ ንጹሕ ሃይድሮጂንን ከአየር ወይም ከፋብሪካ ጭስ ከተያዘ ካርቦን ጋር አዋህዶ ሰው ሠራሽ ነጭ ጋዝ መሥራት። ለአሁኑ አውሮፕላኖች ይስማማል። ዋጋው ግን ከሁሉም የከበደ ነው።

ሶፋችንን ያመጣው መርከብ

ስለ መርከብ ስናወራ የራቀ ነገር አይምሰላችሁ። ከውጭ ከምናስገባው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው በጂቡቲ ወደብ ነው። ሶፋችን፣ ፍሪጃችን፣ የኤሌክትሪክ መኪናችንም ጭምር የመጣው ከባድ ጥቁር ናፍጣ በሚያቃጥል መርከብ ነው።

እዚህ ላይ ለውጡ ከአውሮፕላን ቀድሞ ተጀምሯል። የዴንማርኩ ሜርስክ እ.ኤ.አ. በ2023 በሜታኖል መጓዝ የሚችል የመጀመሪያውን የኮንቴይነር መርከብ «ላውራ ሜርስክ» ብሎ ሰየመ። ሜታኖል በተለመደው ሙቀት ፈሳሽ ስለሆነ ፔርሙዝ አያሻውም፤ ነገር ግን ታንኩ ከሁለት እጥፍ በላይ መስፋት አለበት። በኖርዌይ ደግሞ «ሃይድራ» የተባለች የመኪናና የመንገደኛ ጀልባ ከ2023 ጀምሮ በፈሳሽ ሃይድሮጂን ትመላለሳለች። አጭር መንገድ፣ አንድ ወደብ፣ አንድ ማደያ፤ ለሃይድሮጂን የሚመቸው እንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ለረጅም ጉዞ የሚታሰበው ሌላው ነዳጅ አሞኒያ ነው። አሞኒያ ከሃይድሮጂንና ከናይትሮጅን የሚሠራ፣ ገበሬዎቻችን የሚጠቀሙበት ዩሪያ ማዳበሪያ መነሻ ነው። ካርቦን የለውም፤ ግን መርዛማ ነው። ከታንክ ቢያፈተልክ መርከበኞችን ሊገድል ስለሚችል ጥንቃቄው ከባድ ነው።

ጄኔሬተሮችና የኃይል ማመንጫ ተርባይኖችም እንዲሁ እየተሞከሩ ነው። በጃፓን ኮቤ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ ተርባይን በሃይድሮጂን ብቻ ሠርቶ በአቅራቢያው ላሉ ተቋማት፣ ሆስፒታልን ጨምሮ፣ መብራትና ሙቀት ሰጥቷል። ሐሳቡ ፀሐይና ነፋስ ሲተርፍ ሃይድሮጂን አጠራቅሞ ሲጠፋ ማቃጠል ነው። በግድብ ውኃ ለምትኖር አገር ግን ውኃው ራሱ ማጠራቀሚያ ስለሆነ ይህ አይቸኩልም።

ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

ወደ ኪሳችን እንምጣ። ከ2025 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አየር ማረፊያዎች ነዳጅ አቅራቢዎች ከሚሸጡት 2 በመቶው ይህ አዲሱ ነዳጅ እንዲሆን ሕግ ያስገድዳል። በ2030 ወደ 6 በመቶ፣ በ2050 ወደ 70 በመቶ ያድጋል። ብሪታንያም በ2 በመቶ ጀምራ በ2030 10 በመቶ ለመድረስ ሕግ አውጥታለች። ሕጉ የአየር መንገዱን ዜግነት አይጠይቅም። ከፍራንክፈርት ወይም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው በረራም ነዳጅ የሚቀዳው ከዚያው ማደያ ነው። ሉፍታንዛ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ከአውሮፓ በሚነሱ በረራዎቹ ላይ ከ1 እስከ 72 ዩሮ የአካባቢ ጥበቃ ተጨማሪ ክፍያ ጀምሯል። የገና ቲኬት ለሚቆርጥ የአምስት ሰው ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ የሙያዬ ሰዎች ይገባሉ። ቅቤ ነጋዴ «የሸኖ ነው» ቢለን ዝም ብለን አንገዛም፤ እናሸታለን፣ እንቀምሳለን። «አረንጓዴ በረራ» ግን አይሸተትም። በማርች 2024 የአምስተርዳም ፍርድ ቤት የኔዘርላንዱ ኬኤልኤም በማስታወቂያዎቹ ዘላቂ ነዳጅንና ችግኝ ተከላን ከእውነታው በላይ አሳምሮ በማቅረብ ደንበኞችን አሳስቷል ሲል ወስኗል። ነዳጁ ውሸት ሆኖ አይደለም፤ በመቶ ውስጥ ጥቂት የሆነውን ነገር መቶ አስመስሎ ማቅረቡ ነው ጥፋቱ። እኛም በየቢሯችን የምናደርገው ስለሆነ ሳነበው ጆሮዬ ቀላ።

ስለዚህ ቀጣዩን ቲኬት ስትቆርጡ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ያዙ፦

1. ነዳጁ ከምን ተሠራ? ከተረፈ ዘይት ነው ወይስ ለምግብ ከሚሆን እህል? ሃይድሮጂን ከሆነስ ከውኃ ነው ከጋዝ?

2. ምን ያህሉ ነው? «በዘላቂ ነዳጅ እንበራለን» ሲባል ከመቶ ስንቱ እንደሆነ ካልተጻፈ ጥቂቱ ነው ማለት ነው።

3. ተጨማሪ የምከፍለው ገንዘብ የሚሄደው ነዳጅ ለመግዛት ነው ወይስ ለሌላ?

ለእኛስ?

ጎመን ዘሩ የእኛ፣ ውኃው የእኛ፤ ታዲያ ለምን አንሠራውም? ብዬ መጀመሪያ ያሰብኩት እኔም ነኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ቸኩሎ መመለስ የለበትም።

በዚህ መንገድ ተራምደን እናውቃለን። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኢታኖል 5 በመቶ ይቀላቀል ነበር፤ በኋላም ወደ 10 በመቶ አደገ። ኢታኖሉ የሚሠራው ከስኳር ተረፈ ምርት ስለነበር ከማንም ገበታ አልቀማም። በዚያው ዘመን ግን ጃትሮፋና ጉሎ ለነዳጅ ይሆናሉ ተብሎ ሰፊ መሬት ታስቦላቸው ነበር። ወላይታን በመሰሉ አካባቢዎች ለምግብ ከሚሆን መሬታቸው ቀንሰው ጉሎ የዘሩ ገበሬዎች የተነገራቸውን ገበያ አላገኙም።

ልዩነቱ ያው «ከየት መጣ?» የሚለው ነው። አሜሪካኖቹ ጎመን ዘርን የሚዘሩት በክረምታቸው፣ ማሳው ባዶውን በሚያድርበት ወቅት ነው፤ አፈሩን ከመሸርሸር ይጠብቅላቸዋል፣ ለምግብ የሚዘሩትንም አይሻማም። እኛ ግን ዛሬም የምንበላውን ዘይት አብዛኛውን ከውጭ በዶላር የምናስገባ ነን። የገበታችንን ዘይት ለአውሮፕላን አሳልፈን ሰጥተን የገበታውን ደግሞ ከውጭ ብንገዛ ትርፉ የማን ነው?

ሃይድሮጂኑም እንደዚያው ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከውኃ ንጹሕ ሃይድሮጂን ለመሥራት እንዲህ ያለ ኤሌክትሪክ የብዙ አገሮች ምኞት ነው። ነገር ግን ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላገኘም። እኔን ቢጠይቁኝ የእኛ የመጀመሪያ ሃይድሮጂን መሄድ ያለበት ወደ ማዳበሪያ ነው። ዩሪያ በየዓመቱ የሚወስደውን የውጭ ምንዛሪ ያየ አይከራከረኝም። አውሮፕላኑ ተራውን ይጠብቅ።

እስከዚያው በየቤታችን ማድረግ የምንችለው ትንሽ ነው፤ ቢሆንም አለ። የጠበሳችሁበትን ዘይት ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አትድፉት፤ ቧንቧ ይዘጋል፣ ወንዝ ያበላሻል። አቀዝቅዛችሁ በጠርሙስ አጠራቅሙት። ሌላ አገር ይህ ጠርሙስ በገንዘብ ይሸጣል፤ የሚገዛው ሰው እኛም ዘንድ ቢመጣ ዝግጁ ትሆናላችሁ።

እህቴ ከመመለሷ በፊት በነበረው ቅዳሜ እናቴ ቤት እንጀራ እየተጋገረ ነበር። ልጄን ወደ ምጣዱ ጠራሁትና ከማሰሻው ጥቂት ጎመን ዘር መዳፉ ላይ አድርጌ፣ «ያኔ ቦሌ የጠየቅኸኝ ትዝ ይልሃል? ከዚህ በተሠራ ነዳጅ የሚበር አውሮፕላን አለ» አልኩት። አሸተተው፤ አያቱን አያት፤ ምጣዱን አየ።

«ሁሉንም አውሮፕላኑ ከወሰደው» አለ፣ «እማማ እንጀራ በምን ትጋግራለች?»